ከአዱሊስ እስከ ሐርጌሳ፤ ለመታያ ስለ ተማረኩ አራዊት

በ6ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የሂምያርን ንጉሥ ለመውጋት ሠራዊትና መርከብ ያሰናዱ በነበረበት ወራት፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር፤ ይህ ሰው ያየውንና የሰማውን በኋላ ዘመኑ በመጽሐፍ ሲያኖር፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ስለሚጠበቁ ቀጭኔዎችም ጥቂት ቃል ጽፎልናል። እንደ እርሱ አባባል ቀጭኔ በጠባይዋ ከሰው ጋራ የማትኖር የዱር አውሬ ስትሆን፣ በንጉሡ ትእዛዝ አንድ ወይም ሁለት በሕፃንነታቸው ተይዘው በግቢው ውስጥ የሚያድጉት ለንጉሡ ዐይን መደሰቻ ነበር። በንጉሡም ፊት ወተት ወይም ውሃ በገበቴ ሆኖ መሬት ላይ ሲቀርብላት፣ እግሮቿ እጅግ ረጃጅሞች፣ ደረቷና አንገቷም ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ፣ የፊት እግሮቿን ግራና ቀኝ ካላንፈረከከች በቀር አፏ ከመጠጡ አይደርስም፤ ትርኢቱም ይኸው ነበር።

ቀጭኔ በበረሃዋ ሳለችም ውሃ የምትጠጣው በዚሁ አኳኋን ነው። ከግራር ጫፍ ቅጠል ስትቀነጥብ ከአራዊት ሁሉ አስቀድማ ጠላቷን የምታይ ይህች ፍጥረት፣ ለመጠጣት ባንፈረከከችበት ቅጽበት ግን ማየትም መሮጥም ይሳናታል፤ አንበሳ የሚያደባባትም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በነገሥታቱ ፊት እንደ ጨዋታ የታየው ነገር በእርሷ ዘንድ የፍርሃቷ ሰዓት ነበር፤ ለመታያ የተማረከ አውሬ ታሪክ በአገራችን በጽሑፍ የሚጀምረው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዚህች በተንፈረከከች ቀጭኔ ነው።

ስለ ዝሆንም ይኸው ጸሐፊ ሲናገር፣ የአገሩ ሰዎች ዝሆን የማልመድ ጥበብ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን ንጉሡ ለመታያ አንድ ወይም ሁለት ሲሹ ግልገሎቹን ይዘው እንደሚያሳድጉ ያመለክታል፤ የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ መልእክተኛም ንጉሡን አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆመው ማየቱን ማላላስ የተባለው የአንጾኪያ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ከዚያ 700 ዓመት በሚበልጥ ዘመን ቀድሞ የግብጽ ነገሥታት፣ እነ በጥሊሞስ፣ ለጦርነት የሚሆን ዝሆን ከዚህ ከእኛው የባሕር ጠረፍ ያስይዙ ነበር፤ 3ኛው በጥሊሞስ የትሮግሎዲትንና የኢትዮጵያን ዝሆኖች ለጦር ማሠልጠኑን የሚናገረውን የአዱሊስን የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ ያቆየልንም ያው ኮስማስ ነው። ዝሆን የጫኑት መርከቦች ከክብደታቸው የተነሣ በውሃው ጥልቅ እየገቡ፣ በቀይ ባሕር አሸዋና ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ፣ መርከበኛውም ዝሆኑም በዚያው ይቀሩ እንደ ነበር ዲዮዶሮስ በሰፊው ተርኮታል። ከተጫነው ምን ያህሉ እንደ ደረሰ፣ ከመጫኑም በፊት ምን ያህሉ በየጫካው ወድቆ እንደ ቀረ ግን በድንጋይ ላይ የጻፈ ንጉሥ የለም። ግልገል ዝሆን ከእናቱ በልመና አይወሰድምና፣ በአደባባይ የሚታየው ምርኮኛ ሁሉ ካልታየ ሞት የተረፈው ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ልናገረው የምሻውም ይህንኑ ነው።

ነገሥታቶቻችን አውሬን በደጃቸው የማኖር ልማዳቸውን በየዘመኑ ጠብቀውታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች በአጠገባቸው አድርገው እንግዳ ይቀበሉ እንደ ነበር የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል፣ ሥዕሉንም ሥለው አትመዋል። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ገጸ በረከት ልከው ነበር፤ እንስሳው ፓሪስ በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተ፤ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆመ፤ ሊቁ ኤሚል ኡስታሌም ቀጫጭን ዝንጕርጕር መሥመሩን አይቶ ከሌሎቹ የተለየ ዘር መሆኑን ስላወቀ፣ ያ ዘር እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ስም ይጠራል። የእኛ በረሃ ልጅ በእንግዳ ሰው ስም ተጠርቶ የቀረው ተልኮ በመሞቱ ነው፤ ዛሬ የዚህ ዘር ትራፊ በኢትዮጵያና በኬንያ ተደምሮ ከ3,000 እምብዛም አያልፍም።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አንበሶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሕዝቡ አንበሳ ግቢ ብሎ የሚጠራው የስድስት ኪሎው መጠበቂያ በ1940 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ አንበሶች ተነሥቶ ሲቋቋም፣ ለዘር የሆኑት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጡ ሰባት አንበሶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ጎፈሬያቸው እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ ጥቁር በመሆኑ የታወቁት እነዚህ አንበሶች፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በደማቸው ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸው ተመሰከረላቸው። ይህ ለአገር ክብር ነው፤ ነገር ግን እዚያው ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታውና ቀለቡ አልበቃ ስላለ፣ የተወለዱ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ በድናቸው ለመታያ ለሚያሰናዱ ሰዎች እያንዳንዱ በ170 ዶላር ያህል ይሸጥ እንደ ነበር አስተዳደሩ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ደግሞ፣ ከዝነኛው ሯጭ ስም ተውሶ ቀነኒሳ የተባለው አንበሳ፣ የውስጡ በር ሳይዘጋ በቀረበት ሰዓት ጕረኖውን ሊያጸዳ የገባውን ጠባቂውን አንገቱን ይዞ ገደለው። ሰውየው ብዙ ዘመን ያበላው አንበሳ ነበር። ያበላሁት አይነካኝም የሚለው እምነት ከፍርግርጉ ውጭ ላለ ተመልካች ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዘወትር ቁልፉን የሚይዘው ድሀ ነው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት እኩሌታ የአራዊት ምርኮ ከነገሥታት እጅ ወጥቶ የነጋዴ ሥራ ሆነ። ሎሬንዞ ካሳኖቫ የተባለ ኢጣልያዊ ከከሰላ አውራጃ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ወሰን፣ ዝሆንና ቀጭኔ፣ ሰጎንና ጅብ እየሰበሰበ በሱዋኪን በኩል ወደ ስዌዝ ይወስድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 የመጣለትን ታላቅ ቅፍለት የሐምቡርጉ ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ ራሱ ስዌዝ ድረስ ሄዶ ተቀበለው። ሐገንቤክ ሥራውን ሳይደብቅ ጽፎታል፤ ግልገሎቹ በመንገድ ወተት እንዲያገኙ በመቶ የሚቈጠሩ ፍየሎች አብረው ይነዱ እንደ ነበር፣ ግልገሉንም ለመያዝ ትልልቆቹ አስቀድመው ይገደሉ እንደ ነበር ከመጽሐፉ እናነባለን። ቆይቶም ዮሴፍ ሜንገስ የተባለው ወኪሉ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ወደ ሶማሌ አገር ወርዶ፣ በበርበራ በኩል የሶማሌን የዱር አህያና ሌላውን አውሬ ወደ አውሮፓ ያሻግር ጀመር። ይባስ ብሎም እ.ኤ.አ. በ1895 በለንደን ክሪስታል ፓላስ፣ ከአራዊቱ ጋራ የሶማሌ ወንዶችና ሴቶች ከነጎጇቸው እንደ መንደር ተደርገው ለተመልካች ቀረቡ። ነፍስ ያለውን ፍጥረት ለትኬት ማቅረብ የለመደ ዐይን ከሰው ፊት ደርሶ እንዳልቆመ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ይህን ስጽፍ ልቤ ከእኛ ባሕር ወደ ሩቁ ባሕር ይሄዳል፤ ይኸው ሥራ በዓሣ አንበሪ ላይ ተደግሟልና። በጾመ ነነዌ ትንቢተ ዮናስን ሲሰማ ያደገ ምእመን ዓሣ አንበሪን የሚያውቀው የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጻሚ ሆኖ ነው፤ ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክም ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ ብሔሞት በምድረ በዳ፣ ለየራሳቸው ማደሪያ እንደ ተለየላቸው ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1861 ግን ባርነም የተባለው አሜሪካዊ የትርኢት ነጋዴ ቤሉጋ የሚባሉትን ነጫጭ ዓሣ አንበሪዎች ከካናዳ አስመጥቶ በኒውዮርክ ሙዚየሙ ገንዳ ውስጥ አሳየ፤ እነዚያ ሲሞቱም ሌሎች ተተኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ቤቱ በእሳት ሲጋይ በውስጡ የነበሩት በዚያው አለቁ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ፔን ኮቭ በተባለ የባሕር ሰርጥ፣ ኦርካ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ ዓሣ አንበሪዎች በጀልባና በፈንጂ ድምፅ እየተነዱ በመረብ ተከበቡ፤ ሰባት ግልገሎች ለየትርኢት ቤቱ ተሸጡ፤ አራት ግልገሎችና አንዲት ትልቅ በመረቡ ተጠላልፈው ሰጠሙ። የሞቱት ግልገሎች ሕዝብ እንዳያያቸው ሆዳቸው ተቀድዶ ድንጋይ ተሞላበት፣ ሰንሰለት ታስሮባቸውም ወደ ጥልቁ ተጣሉ፤ ባሕሩ ግን በወራት ውስጥ ሬሳቸውን ወደ ዳር አወጣው። በጥሊሞስ ያልጻፈውንና የአክሱም ባለሟሎች ያላዩትን ያ ማዕበል በአሸዋ ላይ አስቀመጠው። ከተሸጡት አንዷ ቶኪታይ በማያሚ በጠባብ ገንዳ ከ50 ዓመት በላይ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2023 ሞተች። ከአይስላንድ ባሕር እ.ኤ.አ. በ1983 በሁለት ዓመቱ ገደማ የተያዘው ቲሊኩምም በሦስት ሰዎች ሞት እጁ አለበት፤ የኋለኛዋ እ.ኤ.አ. በ2010 በፍሎሪዳ ገንዳ ውስጥ የገደላት የገዛ አሠልጣኙ ነበረች። በሰፊው ባሕር ሳለ ሰውን የገደለ ኦርካ ግን እስከ ዛሬ አልተመዘገበም።

ወደ እኛው ምድር እንመለስ፤ በሶማሊላንድ ከተማ በሐርጌሳ ያለው የአቦ ሸማኔ ነገር ገና ያልተዘጋ ታሪክ ነውና።

አቦ ሸማኔ ከጥንት ጀምሮ የነገሥታት አደን አጋዥ ነው። የህንዱ ንጉሠ ነገሥት አክበር በአንድ ጊዜ 1,000 ያህል አቦ ሸማኔ ያኖር እንደ ነበር በልጁ በጃሃንጊር መጽሐፍ ተጽፏል፤ በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ግን ወለደ ተብሎ የተመዘገበው አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በምርኮ የተወለደ ግልገል በታወቀ መዝገብ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ነው። ሴቲቱ ሰፊ አገር አቋርጣ፣ ወንዱን ራሷ መርጣ ካልሆነ በቀር በቀላሉ አትፀንስም፤ ስለዚህ እርሱን የሚሻ ባለጸጋ ሁሉ በየትውልዱ ከዱር ማስነጠቅ ነበረበት። የህንድ መሳፍንት የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ በ20ኛው ምዕት ዓመት ከአፍሪካ ያስመጡ ጀመር፤ በአገራቸው ዘሩ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዛሬ በዓለም የቀሩት 7,000 ያህል ናቸው፤ በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ያሉት ደግሞ ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው።

እነዚህን ጥቂቶች የሚያጠፋው የአደን ጥይት ሳይሆን የግልገል ንግድ ነው። በኦጋዴንና በሶማሊላንድ ሜዳ እናቲቱ ለአደን በወጣች ጊዜ፣ ወይም ፍየል በላችብኝ ብሎ እረኛው በገደላት ጊዜ፣ ግልገሎቹ ከቁጥቋጦው ይነሣሉ፤ በጆንያ ወይም በካርቶን ሆነው በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል ወደ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው የዐረብ ባለጸጎች ግቢ ይደርሳሉ። ጉዳዩን የሚከታተለው፣ በናሚቢያ የተመሠረተው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ፣ በዓመት እስከ 300 የሚደርሱ ግልገሎች በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ይገምታል። እረኛው የሚቀበለው ጥቂት አሥር ወይም ጥቂት መቶ ዶላር ሲሆን፣ ማዶ ያለው ገዥ ግን እስከ 10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የጸናው የአራዊት ንግድ ስምምነት የዱር አቦ ሸማኔን ንግድ ከልክሎታል፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ባወጡት ሕግ ግለሰብ እንዲህ ያለውን አውሬ በቤቱ እንዳያኖር አግደዋል፤ ፍላጎቱ ግን አልሞተም፤ በስልክ መስኮት ላይ ከውድ መኪና ወንበር አንገቱን ብቅ ያደረገ አቦ ሸማኔ ዛሬም የክብር ምልክት ነው።

የተያዘው ግልገል ምን እንደሚመስል ላሳይ። በጀርባው ላይ ብርማ ግራጫ የሆነ ረጅም ጠጕር አለው፤ ዐይኑ ከከፈተ ገና ጥቂት ሳምንት ነው፤ እናቱን የሚጠራበት ድምፅ አጭርና ቀጭን፣ የጫጩት ጩኸት የሚመስል ነው። ያዡ ክፉ ሰው ካልሆነ የፍየል ወይም የግመል ወተት ይሰጠዋል፤ ከፍ ሲልም አጥንት የሌለው ሥጋ ያቀርብለታል፤ እናቱ ግን የምታበላው ከነአጥንቱና ከነሆድ ዕቃው ነበርና፣ የካልሲየም እጦት በጥቂት ሳምንት አጥንቱን ያለሰልሰዋል፤ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፣ ከሣጥን ላይ ቢዘል ጭኑ ይሰበራል። በምድር ላይ ከሚሮጡት ሁሉ የሚፈጥነው ፍጥረት መቆም ሳይችል ይሞታል። ከጆንያው የሚወጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ የሚሸጠው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያለፈው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በኦጋዴን በጎዴ ከተማ፣ ሁለት ግልገሎች በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ በገመድ ታስረው፣ ለተመጋቢውና ለሰፈር ልጆች ጨዋታ እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ ይደረጉ ነበር። በአካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አይተዋቸው ነገሩ ከተሰማ በኋላ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መጡና በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ግቢ ከአንበሶቹ ሠፈር ተቀመጡ። ከገመድ ወደ ፍርግርግ ነው፤ ሌላ የሚወሰዱበት ቦታ በዚያን ዘመን አልነበረም።

ሐርጌሳ ግን ሌላ ቦታ አበጀች። እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ቦምብና በመድፍ የፈረሰች፣ ሕዝቧም በገዛ እጁ መልሶ የሠራት ይህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የሚነጠቁትን ግልገሎች በከተማው ውስጥ በተከራዩ ቤቶች ማስጠጋት ጀመረች፤ ቍጥራቸው 90 ገደማ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከሐርጌሳ በስተሰሜን የከተማዪቱ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ወደሚገኙበት ወደ ጌድ ደብሌ፣ ሰፋ ያለ አጥር ወደ ተሠራላቸው ሜዳ ተዛወሩ። ፍርድ ቤቷም እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሰዎችን በግልገል ንግድ ጥፋተኛ ብሎ በሦስት ዓመት እሥራት ቀጣ፤ በዚያ ምድር እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሥጋ ለራሱ ልጆች የሚከብደው ሕዝብ ለአውሬ ቀለብ የሚያቀርብበትን ይህን ሥራ እኔ በታላቅ አክብሮት እመለከተዋለሁ።

ይሁን እንጂ እነዚያ እንስሳት ወደ ዱር አይመለሱም። አቦ ሸማኔ ከእናቱ ጋራ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲኖር ማድባትን፣ መሸሽን፣ ሰውን መፍራትን ይማራል፤ በሰው እጅ ያደገው ይህን ትምህርት የሚያገኝበት የለም። በኦርካም ታይቷል፤ ኬይኮ የተባለው፣ በፊልም ዝነኛ የሆነው ዓሣ አንበሪ፣ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጭ ወደ ተወለደበት ወደ አይስላንድ ባሕር ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2002 ቢለቀቅ፣ ከዘመዶቹ ጋራ ሳይቀላቀል ወደ ኖርዌይ ዳርቻ ሄዶ ሰው ይፈልግ ጀመር፤ በዓመቱም ሞተ።

አውሬን ማየት ክፉ ነው የሚል ሰው ግን አይደለሁም። ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ፣ ጅጅጋን ያለፈ መንገደኛ ሐረር ሲደርስ፣ በጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለት ያያል፤ በዓሹራ በዓልም ሕዝቡ ለጅቦች ገንፎ ያቀርብላቸዋል። ከ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ወዲህ የታወቁት ጅብ መጋቢዎችም በመሸ ጊዜ ከግንቡ ውጭ ተቀምጠው እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩታል፤ ጅቡ ከጨለማው ወጥቶ ከእንጨት ጫፍ፣ አንዳንዴም ከሰውየው አፍ ሥጋውን ተቀብሎ ወደ ተራራው ይመለሳል። እንግዳው ይደሰታል፣ ሰውየው ይከፈለዋል፣ ጅቡም ካልፈለገ አይመጣም። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የተሣሉት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ከግራና ከቀኝ ይከተሏቸዋል፤ በአንዱም አንገት ላይ ገመድ አይታይም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የምንጩ ነገር ነው። ንግዱ የሚጀምረው በዱባይም በሐርጌሳም ሳይሆን፣ አሥር ፍየል ያለው እረኛ ሁለቱን በአንድ ቀን ባጣበት በረት ነው፤ እርሱም ግልገል የሚሸጠው አንድም ካሣ ለማግኘት፣ አንድም ቂሙን ለመወጣት ነው። በድርቅ ዓመት ሚዳቋው ሲያልቅ አቦ ሸማኔዋ ወደ ፍየሉ ትዞራለች፤ ደላላውም ያን ዓመት አስቀድሞ ያውቀዋል። ከፍ ያለ የእሾህ አጥር፣ ጠባቂ ውሻ፣ ለታረደበት ፍየል በጊዜው የሚደርስ ካሣ፣ በጅጅጋና በውጫሌ ኬላም ጆንያ ከፍቶ የሚያይ ፈታሽ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ አብዛኛው የሚሠራው በሶማሊላንድ ሳይሆን በእኛ በኩል ባለው በሶማሌ ክልል ሜዳ ላይ ነው።